ከአቡጀዲው አጠገብ የተነገረ ቃል

በአምቦና በዙሪያዋ ፊልም ያዘጋጀው የመጀመሪያው ሰው ባለቤቴ ነው። ከእሱ በፊት ሌላ እንደነበረ አልሰማሁም። ካሜራ ነበረው፤ ድምፅ መቅጃ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ፊልሙን ሲያሳይ ከተወጠረው ነጭ አቡጀዲ አጠገብ ቆሞ የሁሉንም ድምፅ ራሱ ይናገር ነበር፤ ጊንጪ ላይ ለመምህራኑ በአማርኛ፣ ሸነን ላይ ለገበሬው በኦሮምኛ። እንደ አማት ሲቆጣ፣ እንደ በሬ ሲያገሣ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል።

የመጨረሻው ፊልሙ ስለ ባላባቶች ዘመን ነበር፤ መንግሥትም ፈቅዶለታል። የተጫወቱበት የሸነን ሰዎች ናቸው። የባላባቱ ሎሌ የአንድ ሽማግሌ በሬ እየጎተተ ሲወስድ ባለቤቴ ሁልጊዜ ዝም ይላል። "እዚህ ላይ የእኔ ቃል አያስፈልግም" ይለኝ ነበር። ሸነን ላይ ባሳየንበት ምሽት በዚያ ዝምታ መሃል ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ በኦሮምኛ፣ "ዛሬስ እህላችንን በኮታ እየወሰዱብን አይደል?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ድምፁን አወቅሁት። በፊልሙ ላይ በሬው የተወሰደበት ሽማግሌ ነበር።

በሳምንቱ ባለቤቴን አሰሩት። ድምፁ ሁሉ የእሱ ስለሆነ ያንንም የተናገረው እሱ ነው ተባለ።

እኔንም ቀበሌ ጠሩኝ።

"ባልሽ አምኗል" አለኝ ካድሬው። "እኔ ነኝ የተናገርኩት ብሏል። አንቺም ነበርሽ። እሱ ነው?"

እግዚአብሔር ይሰማል። "እሱ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ በሬው ነው የተናገረው?"

"ጨለማ ነበር። ፊት አላየሁም።"

"ድምፁንስ? ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ ባልሽን ይዘሽ ግቢ።"

ሕፃኗ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። የሽማግሌው ሚስት ሸነን በሄድን ቁጥር የራሷን መኝታ ለቃልን መሬት ትተኛ ነበር። ስሙን አልነገርኩትም።

"እንግዲህ ያሰርሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

ወደ እስር ቤቱ ምግብ ማመላለሴን ቀጠልኩ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘብ "ወደ አዲስ አበባ ተወስዷል" አለኝ። አዲስ አበባ ስደርስ "እዚህ የለም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

በመኸር ሽማግሌው ጤፍ በአህያ ጭኖ ደጄ መጣ። የባለቤቴ መታሰር ወሬ የደረሰው ገና ያን ሰሞን ነበር። አልተቀመጠም።

"አዴ፣ ሄጄ እኔ ነኝ ልበላቸው?"

"አዲስ አበባም የለም ብለውኛል" አልኩት።

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። በየመኸሩ ጤፍ ማምጣቱን እስኪሞት ድረስ አልተወም። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ጤፍ ነው፤ ጌታ ይመስገን።

በእኛ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። ባለቤቴ ሞቷል ብሎ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከልጆቼ ስም አስቀድሜ የእሱን እጠራለሁ፤ ጤና እንዲሰጠው እለምናለሁ።