የአንካሳው ጎል

ቦርጎሬቶ ውስጥ ኦቶሪኖ ብሩዛቲን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የተወለደ ነው። የሚያውቁት ግን በአንዲት ጎል ነው። ስንት ዓመት የከተማው እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ሆኖ ያገባውን ሁሉ ረስተው ያቺን ብቻ ይዘዋል። ያኔ ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፤ የተጎዳ ተጫዋች ወደ ሜዳው ዳር፣ ክንፍ ላይ ወጥቶ እያነከሰ ይቆማል። ተከላካዮች ንቀው ይተዉታል፣ እሱም አንዳንዴ ሳይታሰብ ያገባል። «የአንካሳው ጎል» ይባላል። ኦቶሪኖ ጉልበቱ ዞሮ እንደዚያ አገባና ከተማው በትከሻው ተሸክሞት ዞረ። ጉልበቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታጥፎ አያውቅም።

የዚያው ቡድን አሰልጣኝ ከሆነ በኋላም ኤርሲልያ መጠጥ ቤት ካርታ ሲጫወት አይተዉትም።

«እስቲ ንገረን ኦቶሪኖ፣ በየትኛው እግርህ ነበር?»

«በተረፈኝ!»

ይንከተከታሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። እሱ ወይኑን ይጠጣል፣ በሆዱ ይረግማቸዋል።

የዓመቱ መጨረሻ እሁድ መጣ። ከተሸነፉ ከምድቡ ይወርዳሉ። የከተማው ጡብ ፋብሪካ ጌታና የክለቡ ፕሬዚዳንት ስካልያ፣ በማዕረጋቸው ኮሜንዳቶሬ የሚባሉት፣ አስቀድመው «ከወረድን ሻንጣህን አዘጋጅ» ብለውታል። ከእረፍት በኋላ ዜሮ ለዜሮ እንደሆኑ አጥቂው ኔቪዮ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ተቀያሪ አሁንም የለም። ኦቶሪኖ እያነከሰ ገብቶ ዳሰሰው። ከቦታው የለቀቀውን ነገር እጁ አወቀው፤ የራሱም እንዲሁ ነበር።

«ክንፍ ላይ ልቁም ሚስተር፣ እችላለሁ» አለ ኔቪዮ ጥርሱን ነክሶ፤ ተጫዋቾቹ አሰልጣኛቸውን «ሚስተር» ነው የሚሉት።

«ዝም በል።»

ሕዝቡ «ክንፍ ላይ! እንደ ኦቶሪኖ!» እያለ ይጮሃል። ኮሜንዳቶሬው ከመቀመጫቸው ተነስተው እስከ መስመሩ ወረዱ።

«ምን ትጠብቃለህ? አቁመው እንጂ!»

«አይቆምም።»

«አንተስ ቆመህ የለ?»

«ቆሜ ነበር። ጭብጨባው ሲያልቅ ግን ጉልበቴን ማን አየልኝ? ከፈለጉ እርስዎ ይቁሙ ኮሜንዳቶሬ፤ ጫማ አበድርዎታለሁ።»

የኔቪዮን ክንድ በትከሻው ላይ ጣለና ይዞት ወጣ፤ ሁለት ሰዎች በሁለት ደህና እግር። ፉጨትና ስድብ እንደ በረዶ ወረደባቸው። ኦቶሪኖ አንገቱን አልደፋም።

በአሥር ሰው አልሆነም፤ ሊያልቅ ሲል ገባባቸው፣ ወረዱ። ኮሜንዳቶሬው እዚያው ልብስ መቀየሪያው በር ላይ አባረሩት። እሱ ግን ማታውን እንደ ልማዱ ኤርሲልያ ቤት ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ካርታ የሚሰጠው ጠፋ።

«በአሥር ሰው አወረድከን» አለው የጡብ ፋብሪካው ጋሪ ነጂ ፒኤሪኖ።

«ስምንት ሰው ብቻ ብንቀርም አስወጣው ነበር። ኤርሲልያ፣ ወይን ቅጂልኝ!»

ከሁለት ዓመት በኋላ ኔቪዮ ድኖ፣ የጎረቤት ከተማ ማሊያ ለብሶ እዚያው ሜዳ መጣ። ኦቶሪኖ እንደ ማንም ቲኬት ቆርጦ ገብቷል፣ ከጎኑ ፒኤሪኖ ተቀምጧል። ኔቪዮ ሁለት ተከላካይ አልፎ በቦርጎሬቶ ላይ አገባ፤ በደስታም ሕዝቡ ፊት በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። «ከሃዲ!» የማይል አልነበረም። ኦቶሪኖ ብቻውን ቆሞ አጨበጨበ።

«አብደሃል? እኛ ላይ እኮ ነው ያገባው!» አለ ፒኤሪኖ እጁን እየጎተተ።

«ጎሉን ተወው» አለ ኦቶሪኖ፣ እንባውንም ሳይጠርግ። «ጉልበቱን እይ። ይታጠፋል።»