የዘይነባ ፎቶ

ሳሊሐ የተወለደችው አሰብ ነው። አባቷ ከወሎ ወርደው ወደቡ ላይ ጭነት ያወርዱ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ከአባቷ ጋር ወጥታ ኮምቦልቻ ገባች። ታላቅ እህቷ ዘይነባ ግን ሚቅዳድ የሚባል የአሰብ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች። ከዚያ በኋላ ድንበሩም ስልኩም ተዘጋ። አባታቸው ሲሞቱ እንኳ ዘይነባን የሚያረዳት አልተገኘም።

ሳሊሐ ዲቪ ደርሷት ላስ ቬጋስ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወደ አሰብ መደወል ነበር። ከኮምቦልቻ ያልተቻለው ከአሜሪካ ተቻለ። ስልኩ ያለው ጎረቤት፣ እማማ ሮሐ ቤት ነው። እሳቸው ዘይነባን ይጠሯታል፣ እህትማማቾቹ ስለ ልጅ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ዘይነባ ስኳር በሽታ ያወራሉ። ስለ መንግሥት አያነሱም። ሰላም ወረደ ሲባል ሳሊሐ ሻንጣ ገዝታ ነበር። እሷ ከምትሠራበት ሆቴል ፈቃድ እስክታገኝ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

ኮሮና መጣ። ሆቴሉ ተዘግቶ ሲከፈት የክፍል ጽዳት ሠራተኞች በሙሉ ግብዣ በሚደረግበት አዳራሽ ተሰልፈው እንዲከተቡ ተደረገ። ሳሊሐ ተከተበችና ለእህቷ ደወለች።

«እናንተ ጋ መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ እንጃ። ስለሱ የሚያወራ የለም።»

«አንቺ እኮ ስኳር አለብሽ።»

«ሳሊሐ፣ ሌላ ነገር እናውራ።»

ከወራት በኋላ ስትደውል እማማ ሮሐ የጠሩላት ሚቅዳድን ነበር። ዘይነባን ቀብረዋታል።

«ምን ነካት?»

«ጉንፋን ብሎ ጀመራት። ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። ኦክስጅን ተራ ጠብቁ አሉን።»

«ኮሮና ነው?»

«በስልክ አትጠይቂኝ።»

ሳሊሐ አፓርታማዋ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጠች። በጅዳ በኩል በሰው የመጣላትን የእህቷን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አደረገችው። ዘይነባ በሯ ላይ ቆማ ፈገግ ብላለች። አብራት የምትሠራው ገንዘቤ ልታጽናናት ብላ «ቀኗ ደርሶ ነው እንጂ፣ እኔ ክትባቱን እምቢ አልኩ፣ ይኸው ምን ሆንኩ?» አለቻት።

«አንቺ እምቢ ያልሽው እኮ ስላለልሽ ነው» አለች ሳሊሐ።

ከመጡት መካከል ሱፊያን ነበር። ቀን ሊሞዚን ይነዳል፣ ከሺፍት ሲወጣ በዩቲዩብ ላይቭ ስለ ፖለቲካ ያወራል። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ አላት።

«እዚያ ሰው በኮሮና እያለቀ መንግሥት የለም ይላል። ይህን ፎቶ ላሳይ። ስሟን አልጠራም።»

«ባሏ እዚያው ነው። አይሆንም።»

«እሺ፣ የአንቺ ፈቃድ ነው» አለና ዱዓ አድርጎ ወጣ።

በሳምንቱ የሳሊሐ ልጅ የሱፊያንን ዩቲዩብ ከፍታ ስልኳን ይዛ መጣች። የዘይነባ ፎቶ ከነ በሯ፣ ከነ ፈገግታዋ ስክሪኑን ሞልቶታል። ሱፊያን ለቅሶ ላይ ሳይታይ በስልኩ አንስቶት ኖሯል። ሳሊሐ ዋተር ስትሪት ላይ አንድ ምግብ ቤት ደጅ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ አገኘችው።

«አጥፋው።»

«ስንት ሺህ ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ? እህትሽ እኮ ለሕዝብ ምስክር ሆነች።»

«እህቴ ሞተች። ሌላ ምንም አልሆነችም። አጥፋው።»

አጠፋው። ሌሎች ግን ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውታል። ግማሹ ሰማዕት ይላታል፣ ግማሹ የውሸት ፎቶ ነው እያለ ይሳደባል። አሰብ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያን በር የማያውቅ የለም።

ወደ አሰብ ስትደውል እማማ ሮሐ አነሱ።

«ሚቅዳድ አለ እማማ?»

«ሰዎች መጥተው ወስደውታል ልጄ። የት እንዳለ አናውቅም። ከእንግዲህ እዚህ አትደውዪ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የሚነሳ ስልክ የለም።

ወሬው ቬጋስ ሲዳረስ ሱፊያን ራሱ ደወለላት። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሏት አነሳችው።

«ባልየው መታሰሩ እርግጥ ነው?» አላት። «የሱ ፎቶ ይኖርሻል?»