ቀዩ ስም

የአባቴን መቃብር ልጠርግ በሄድኩ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ የዓሣ ሽታ የማይለያቸው፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረጉ አሮጊት። በቤተሰባቸው መቃብር ድንጋይ ላይ ሦስት ስሞች በካንጂ፣ በጭረት በሚጻፈው የጃፓን ፊደል፣ ተቀርጸዋል። የሞቱት ባላቸው ስም ቀለም የለውም። የእሳቸውና የልጃቸው በቀይ ተቀብቷል፤ ቀይ በሕይወት ላለ ሰው ይቀባል፣ ሲሞት ይፋቃል።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው ጠጋ አላቸው።

«እማማ፣ ልጅዎን ባሕር ከበላው ስምንት ዓመት ሞላው። መንደሩ ሁሉ እርሙን አውጥቷል። ቀለሙን ልፋቅለት?»

«እጅህን ሰብስብ! እሱን ከመንካትህ በፊት የእኔን ፋቅ።»

ከዚያ ብሩሻቸውን አነሱ። ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው፣ የጭረቶቹን ተራ ሳያፋልሱ፣ የልጃቸውን ስም ቀስ ብለው ቀቡት። ቀለም ተርፏቸው ነበር፤ ብልቃጡን ከደኑት። የራሳቸው ስም ግን ቀይነቱ ደብዝዞ ከድንጋዩ አይለይም።