በግሪንሳይድ በረንዳ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት፣ የጃካራንዳው አበባ አስፋልቱን ባለበሰበት ከሰዓት በኋላ፣ በግሪንሳይድ ሳልፍ አንድ አሮጌ ቤት ፊት መኪናዬን አቆምሁ። ይህ የጆሃንስበርግ ሠፈር የተነደፈው መኪና ገና ብርቅ ሳለ፣ ለባለመኪኖች ነው። ስለዚህም ጋራዡ፣ ማለትም የመኪና ማደሪያው፣ እንደ ጓሮ ዕቃ ቤት አልተናቀም፤ የቤቱ ቀይ ጡብ፣ የቤቱ ክዳን፣ የቤቱ መስኮት ተሰጥቶታል። የሥነ ሕንፃ ትምህርቴን ጨርሼ በመጣሁበት የወጣትነት ዘመን ይህ እኩልነት እጅግ ይማርከኝ ነበር።

ያኔ የዚህን ቤት ጋራዥ ታደለ የሚባል ነጋዴ ተከራይቶ ከእኅቱ ከሣራ ጋር ይኖርበት ነበር። ሣራን ላገባ ፈልጌ ቶኮዛ በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ወዳለው ሱቁ ሽማግሌ ብልክ፣ «ዲግሪ እንጂ ሱቅ የለውም» ብሎ መለሰብኝ። ቀጥሎም ወደ ደርባን ሊወስዳት መሆኑን ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹን በዚህ ጊዜ ወደ ቤቱ ላክሁ። የሚያደርሳቸው ጠፍቶ፣ ከወጉ ውጪ እኔው በተውሶ መኪና ወሰድኋቸው።

«አንተ ከወረድህ ነገሩ እዚሁ ፈረሰ!» አሉኝ አንጋፋው፣ ጋሽ ሉቃስ።

ሰው ጋራዥ ውስጥ ይኖራል ብለው ስላላሰቡ፣ ሦስቱም ቀጥ ብለው ወደ ዋናው በረንዳ ወጡ። አጥሩ ዝቅተኛ ነበርና ሁሉን አያለሁ፣ እሰማለሁ። ባለቤቲቱ፣ አንዲት ነጭ አሮጊት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጡ።

«ተቀመጡ፣ ሻይ ላምጣ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሉቃስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ከማዘጋጃ ቤት ናችሁ?»

«ከልጁ ወገን ነን።»

«ከየትኛው ልጅ?»

እንግዶች ቆመው መቀመጡን ነውር ያሉት አሮጊት ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን ገምተው ታደለን ጠሩ። እሱም ግማሽ ፊቱ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ ደረሰ።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አሉት አሮጊቷ።

«እኅቴን ለጋብቻ።»

«እሷስ ትፈልገዋለች?»

ከጋራዡ መስኮት «የስ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ታዲያ እሺ በላቸውና ይቀመጡ! እግሬ ሊከዳኝ ነው!»

ታደለ ወደ ጋሽ ሉቃስ ዞረ። «ጋሼ፣ ሆን ብላችሁ ነው አይደል?»

«እኛማ ቆመናል፣ ልጄ።»

ታደለ አሮጊቷን አየ፤ አረፋውን በመዳፉ ጠረገ። «እሺ፤ ተቀመጡ» አለ።

ዛሬ ብዙዎቹ የሠፈሩ በረንዳዎች በረጃጅም ግንብ ተጋርደዋል። ያነጿቸው ሰዎች ግን መንገደኛን የማይፈራ ቤት መሥራት ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ሳላደንቃቸው አላልፍም።

«እንሂድ እንጂ፣ ሌቦች ይሉናል» አለችኝ በቆመው መኪናዬ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሣራ። ሞተሩን ሳስነሣ ግን፣ «ቆይ» ብላ የጋራዡን መስኮት አየች።