ቆሞ የሚበላው ሰው

ባለፈው እሑድ የስምንት ዓመቷ ልጄ የትምህርት ቤት ድርሰቷን ይዛ መጣችና፣ አያቷ ለምን ቆሞ እንደሚበላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። መምህሯ፣ ስለ እሱ የምትጽፉት ሰው ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ሕይወት እንደኖረ አስቡ ብላቸዋለች። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ድራማ የሚያስተምሩን ጋሼ ብርሃኑ ነበሩ። ለበዓል የሚታየው አንድ ድርሰት ብቻ ነው፤ የእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግጥም ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ብርሃኑ ለፈጠርነው ሰው ያለፈ ሕይወቱን በአንድ ገጽ እንድንጽፍ፣ ገጹን ግን ለራሳችን እንድናስቀር አዘዙን። እኔ ደግሞ ያደግኩት ምስክርነት እየሰማሁ ነው፤ ሰው ይነሣል፣ የድሮ ኃጢአቱን ይዘረዝራል፣ ከዚያ ጌታ እንዴት እንዳገኘው ይናገራል። የእኔም ሰውዬ መድረክ ላይ እንደወጣ ስካሩንም ፍቺውንም ዘረገፈው። ጋሼ ብርሃኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ሁሉን ተናግሮ ጨረሰ። እኛ ምን እንጠብቅ?» አሉኝ።

ቀጥሎ ያነበበችው ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት ሜሮን ነበረች። በድራማዋ፣ ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ፣ የምሳ ሰዓት ነው። ሁሉም ተቀምጧል፤ አንድ ሰውዬ ብቻ ድንች ወጥ በዳቦ ቆሞ ይበላል። ወንበር ሲሰጡት ጃኬቱን አስቀምጦበት መብላቱን ይቀጥላል። ምክንያቱን አይናገርም። እኔን ቅናት አንገበገበኝ።

ሌሎቹ ለሻይ ሲወጡ ገጿን ከደብተሯ አውጥቼ አነበብኩት። ሰውዬው በወጣትነቱ የገጠር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት እናት ያተኮሰው ሕፃን አቅፋ መጣች። ልጨርስና አላት። ሕፃኑ ግን እሱ እስኪጨርስ በሕይወት አልቆየም።

አባቴ ድሬሰር እንደነበረ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እሱም መጋዘን ይሠራ ነበር፤ ሜሮንን በመኪናው ወደ ሥራ ይወስዳታል። ፍሌሚንግተን ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን፣ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ሲበላ እያየሁት ነው ያደግኩት፤ ሺፍት እንዳይረፍድበት የሚቸኩል ይመስለኝ ነበር።

ሜሮን ስትመለስ ገጹ እጄ ላይ ነበር። ይሄን ማን ነገረሽ አልኳት።

«አባትሽ፣ ጋሼ ተፈራ ራሳቸው። ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው ብለውኛል።»

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

የተመረጠው የእሷ ድራማ ነው። ወር ሙሉ ሰላም አላልኳትም። መድረኩንስ ትውሰደው፤ የከነከነኝ አባቴን መውሰዷ ነበር። እሱን ብጠይቀው ደግሞ ገጹን ሰርቄ ማንበቤ ሊታወቅብኝ ሆነ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ለፈጠርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያለፈ ሕይወት ስጽፍ ኖሬ፣ የአባቴን አንድ ቀን እንኳ ከአፉ አልሰማሁም።

ባለፈው እሑድ ግን ልጄን፣ አያትሽ ሳሎን ቆሞ እየበላ ነው፤ ሂጂ ራሱን ጠይቂው አልኳት። ሳሎን ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ቆየት ብሎ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ብቅ ስል አባቴ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀምጧል። ደስ ሊለኝ ሲገባ በገዛ ልጄ ቀናሁ። እጄን እንኳ ሳላደርቅ፣ ሌላ ወንበር ይዤ ሄድኩ።