የሰብሳቢው ቴአትር

በዘውድ በዓል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነቀምቴ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ የእኔን ድርሰት ሌላ ሰው ደረሰው ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ባዩ ራሱ ሌባው ነበር። የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፁ የሚያምር፣ ጌቶች ፊት ወገቡ የሚሰበር፣ እኛ ፊት ግን አንገቱ የማይዞር ሰው። ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ «ድርሰቱን የደረስኩት፣ ዜማውን ያወጣሁት፣ ሥዕሉንም ያቀድኩት እኔው ነኝ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አባቴ ከሸዋ በወታደርነት መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከደጅ የለመድኩ ነኝ። ያን ድርሰት ክረምቱን ሙሉ ጽፌዋለሁ። በማግስቱ ሰብሳቢውን ቢሮው ድረስ ሄጄ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። አልደነገጠም።

«የሴት ልጅ ድርሰት ነው ብል ክቡርነታቸው አገረ ገዥው ምን ይሉኛል?» አለኝ። «ደግሞ እኔ ባልኖር የትኛው አዳራሽ፣ የትኛው ሕዝብ ያይልሽ ነበር? እኔ ባልኖር!»

«እኔ ባልኖር» የአፉ ማረፊያ ነበረች። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ «እኔ ባልኖር» የሚል ሰው ነው። ከቢሮው ወጥቼ እስከ ቤቴ ድረስ በጥርሴ ስደጋግማት ሄድኩ።

የተሰረቅሁት ብቻዬን አልነበረም። የመድረኩን ጨርቅ የሣሉት አንድ የጎጃም ተወላጅ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ መሪጌታ እንላቸዋለን። ከጨርቁ ጥግ ላይ ስማቸውን በደቃቅ ፊደል ጽፈው ነበር። ሰብሳቢው በዋዜማው ሰው ልኮ በኖራ አስለቀለቀው። ሙዚቃውን ያዘጋጀው ደግሞ የሚሲዮኑ መዘምራን መሪ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት የከተማው ልጅ ነው፤ ኦቦ፣ አቶ እንደ ማለት፣ እያልኩ እጠራዋለሁ፣ እሱም ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ ይለኛል። በኦሮምኛ ያወጣውን ዘፈን ሰብሳቢው ግጥሙን በአማርኛ አስለወጠበት፤ በዚያ ላይ እሱንም ሰው እንዳያየው ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠው።

እውነቱን ለመናገር ያ የመጀመሪያው ቴአትር ራሱ ቴአትር አልነበረም። ሦስታችን አንዳችን የሌላውን ሥራ ሳናይ ነው የሠራነው። የእኔ ታሪክ ገበያ ውስጥ የሚሆን ነው፤ መሪጌታ ጽሑፉን ሳያነቡ ሁለት መላእክትና አንድ ደብር ሥለው አመጡ። «ገበያው የታለ?» ብላቸው፣ «ገበያተኛ ሁሉ መጀመሪያ ይሳለም የለም ወይ?» አሉኝ። የኦቦ ዜማ ከመርዘሙ የተነሳ ተዋንያኑ ተናግረው ጨርሰው መድረክ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። የእኔም ግጥም ቢሆን ተማሪዎቹን ትንፋሽ አሳጥቶ የሚገድል ነው። ልምምድ ላይ ሁሌ እንጣላ ነበር። «እኔ ለሰነፍ ተዋናይ ብዬ ስንኝ አልቆርጥም» እላለሁ። «እኔም ለጯሂ ብዬ ዜማ አላሳጥርም» ይላል ኦቦ። መሪጌታ ብሩሻቸውን አጥበው ይሄዳሉ።

ያስታረቀን ጥላቻ ነው። ሌላ ቃል ብፈልግለት አላገኝም።

ክረምቱ ሲገባ ሰብሳቢው አስጠራን። ለመጪው የዘውድ በዓል ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ ካለፈው የበለጠ ቴአትር እንድናዘጋጅ አዘዘን። ጨለለቂ ሰፈር፣ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ስንማከር እኔ እምቢ እንበል አልኩ።

«እምቢ ብንል ሌላ ሰው ያሠራና በእሱም ላይ ስሙን ይጠራበታል» አሉ መሪጌታ። «እሺ እንበለው፤ እሺ ብለን እናቃጥለው።»

ኦቦ ብዙ አይናገርም ነበር። ያን ቀን ግን፣ «ሰውዬው ጽሑፉን ቢሮው ያነባል። ዜማውን ሚሲዮን መጥቶ ይሰማል። ሥዕሉን እዚህ መጥቶ ያያል። ልምምድ ላይ ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያያቸው ከሕዝቡ ጋር ነው» አለ።

መሪጌታ ኦቦን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት። ሳቁ ከሁላችንም ቀድሞ የመጣው ከእሳቸው ነው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

ነገሩን ተካፈልነው። ለእኔ አፉ ደረሰኝ፤ ለመሪጌታ ቤቱ፣ ለኦቦ ደግሞ ጫማው። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ ያስመጣው ጥቁር ጫማ ነበረው፤ ሲራመድ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ቀኙ ረገጥ ሲያደርግ ቀጭን፣ ግራው ትንሽ ወፈር ያለ ድምፅ ያወጣል። ኦቦ እነዚያን ሁለት ድምፆች አኮርዲዮኑ ላይ ፈልጎ አገኛቸውና በጣም ደስ የሚል የመንገድ ዜማ ሠራባቸው። ጫማውን የማያስብ ሰው ቢሰማው ዜማ ብቻ ነው። እኔ የውኃ ጉድጓድ ስለሚቆፍሩ መንደርተኞች ጻፍኩ፤ ሰዎቹ ሲቆፍሩ አንድ ባለጸጋ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ ውኃው ሲወጣ ቀድሞ ጠጥቶ «እኔ ባልኖር!» ይላል። መሪጌታ የባለጸጋውን በር ሣሉ። በነቀምቴ ያኔ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ግራና ቀኙ በኖራ የነጣ ድንጋይ የቆመበት በር አንድ ብቻ ነበር።

ሥራውን በእውነት የተማማርነው በዚያ ክረምት ነው። ኦቦ ስንኞቼን እያነበበ በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፤ ጣቱ ሲሰናከል «እዚህ ጋ ሰው አይተነፍስም» ይለኛል፤ እቆርጣለሁ። አምና ለአንድ ስንኝ እጣላ የነበርኩት ሴት ገጽ ሙሉ ቆርጬ ጥያለሁ፤ ባለጸጋው በዝምታ ከበሩ እስከ ጉድጓዱ ሲራመድ ከየትኛውም ስንኝ እንደሚበልጥ ገባኝ። መሪጌታ አዳራሹ ድረስ ሄደው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አጥንተው መጡ፤ በሩን ፀሐይ በምታርፍበት በኩል አደረጉት። ከዚያ ኦቦን፣ «በሩ ከታየ በኋላ ትንሽ ቆይ፤ ሰዉ መጀመሪያ በዓይኑ ይወቀው፣ ከዚያ ጫማውን አሰማው» አሉት። እሱም «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ መግቢያውን አዘገየው። ሃይማኖታቸው የማይገናኝ፣ ሌላ ቀን ሰላምታ እንኳ የማይሰጣጡ ሰዎች ናቸው።

ባለጸጋውን የሚጫወተው ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣ ረጅም ተማሪ ነው፤ ሰብሳቢውን አይቶት አያውቅም። እጁን ከኋላው አጣምሮ አገጩን ቀና አድርጎ በዜማው ልክ እንዲራመድ አስተማርነው። ምክንያቱን አልነገርነውም።

ሰብሳቢው እንደ ልማዱ መጥቶ መረመረን። ጽሑፌን ካነበበ በኋላ አንዷ ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ይቺ እኔ ባልኖር ያልሻት ጥሩ ናት፤ ደጋግሚያት» አለኝ። ከንፈሬን ነክሼ «እሺ ጌታዬ» አልኩ። የኦቦን ዜማ በጫማው እያጀበ ሰማውና ወደደው። የፈራነው ሥዕሉን ነበር። መሪጌታ ግቢ መጥቶ ጨርቁን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህን በር የት ነው ያየሁት?» አለ።

«የጨዋ ቤት በር ሁሉ ይመሳሰላል፣ ጌታዬ» አሉት መሪጌታ።

ደስ አለው።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአዲስ አበባው እንግዳ ከፊት፣ ሹማምንቱ ከጎናቸው፣ የሰብሳቢው ባለቤት ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ደራሲው፣ ዜማ አውጪው፣ የሥዕሉም አቃጅ እኔ ነኝ» አለ። አምና ያን ሲል ዕንባዬ መጥቶ ነበር። ዘንድሮ ቃል በቃል እንዲለው እየጸለይኩ ነበር፤ አንዷንም ሳያስቀር አላት።

መጋረጃው ተከፈተ። ፀሐይዋ በሩ ላይ አርፋለች። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ እንደ ነፋስ አለፈ። ኦቦ ጠበቀ። ሹክሹክታው ጸጥ ሲል ተማሪው እጁን ከኋላው አጣምሮ ብቅ አለ፤ አኮርዲዮኑም ሲጥ፣ ሲጥ። መጀመሪያ የሳቁት የሰብሳቢው ባለቤት ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ለማፈን ቢሞክሩም አልቻሉም። ከዚያ በኋላ አዳራሹን ማን ያስቁመው! «እኔ ባልኖር!» ሲመጣማ ሰዉ ከተዋናዩ ጋር አብሮ ይለው ጀመር፤ ከኋላ የተቀመጡት ገበያተኞች በኦሮምኛ ተርጉመው ይቀባበሉታል።

እኔ መጋረጃውን በትንሹ ገልጬ የማየው እሱን ብቻ ነው። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ሊነሳ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ቢቆጣ ምን ይላል? «የእኔ አይደለም» ሊል ነው? አሁን በድምፅ ማጉያ «የእኔ ነው» ብሏል። ያንን ፊት ጠጣሁት። የዓመት ጥሜን ቆረጠልኝ።

ሲያልቅ እንግዳው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ተነሡ። አጠገባቸው ያለው ሰው በጆሯቸው ነግሯቸው ኖሯል። «በራሱ ላይ እንዲህ ደፍሮ የሚቀልድ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ጮክ ብለው። «ና፣ ውጣና እንይህ።»

መውጣት ግድ ሆነበት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጫማው ሲጥ፣ ሲጥ አለ። ኦቦ አኮርዲዮኑን መሬት አስቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ እኔ አይደለሁም ማለቱ ነው። ሳቁ ጣሪያውን የሚያነሣ መሰለ።

ዋጋውን ከፍለናል። የገና በዓል ሳይደርስ ሩቅ ጠረፍ ወዳለችው ጊዳሚ ተዛወርኩ፤ ያዛወረኝ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ኦቦን የሚሲዮኑ ሽማግሌዎች ሰው ላይ መሳለቂያ ዜማ አወጣህ ብለው ለጥቂት ጊዜ ከመዘምራን አገዱት። መሪጌታን ማንም አልነካቸውም፤ ሰማያዊ በር መሣል ወንጀል አልነበረም። ሰብሳቢው ግን መንገድ ላይ ልጆች ከኋላው በአፋቸው ሲጥ ሲጥ እያሉ ይከተሉት ጀመር። ጫማውን ቢለውጥም አልተዉትም። በኋላ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ለምኖ ተዛወረ ሲሉኝ ያን ቀን ተማሪዎቼን ሻይ ጋበዝኩ።

ጊዳሚ ሌላ ቴአትር ሠርቻለሁ፤ ከአንድ ልብስ ሰፊና ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር። ከነቀምቴው በጣም ከበደኝ። አንድ ላይ የምንጠላው ሰው አልነበረንም። ስንኝ ቁረጪ ስባል እንደገና ቁጣዬ መጣ፤ የነቀምቴው ክረምት እንዳስተማረኝ እንደ ምንም ቆረጥኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ሰብሳቢውን አገኘሁት። ሸምግሏል። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ እሱ ግን አወቀኝና አስቆመኝ።

«እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ሦስታችሁ ለአንድ ቀን እንኳ አትስማሙም ነበር። እንዴት አድርጋችሁ ነው እንደዚያ የገጠማችሁት?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የምሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። ብነግረው ይገባው ነበር። የስንኙን መቆረጥ፣ የፀሐይዋን መስኮት፣ ኦቦ መግቢያውን ያዘገየበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ልነግረው እችል ነበር።

«ደራሲው እርስዎ አይደሉ? እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አልኩት።

የነቀምቴው አውቶቡስ ረዳት እየጮኸ ነበር፤ ቦርሳዬን አንሥቼ ገባሁ። በመስኮት ስመለከት እዚያው ቆሟል። አላዘንኩለትም። እስከ ባኮ ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ።