የባለቤቱ ሮኬቶች

የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲቀደድ የሚወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? ካላወቅከው ልንገርህ። ናፍታሊን፣ የማናውቀው ሰው ሳሙና፣ ታፍኖ የከረመ ጨርቅ። እኔ በዚህ ሽታ እንጀራዬን ስበላ ስንት ዓመቴ፤ አፍንጫዬ ደንዝዟል ብዬ ነበር። ግን አንዳንድ ጠዋት ማሰሪያው ተቆርጦ ጨርቁ እፎይ ብሎ ሲያብጥ፣ ከመሃሉ የሙጫ ሽታ ብቅ ይላል። እጄ እንደተዘረጋ ይቀራል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "ምነው እትዬ?" ይሉኛል። "ምንም፣ ሥራችሁን ሥሩ" እላለሁ። ምን ልበላቸው? ወንድሜ መጣብኝ ይባላል?

እናቴ የሕፃናት ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ሱቃችን መርካቶ፣ ከዱባይ ተራ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ እነሱ ከነላስቲኩ የሚያብረቀርቀውን ሲሸጡ፣ እኛ ሌላ ልጅ ያደገበትን እንሸጣለን። ቤታችን አማኑኤል ስለነበር እኔና ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት በእግራችን እየተጋፋን እንመጣና ሱቁ እስኪዘጋ እዚያው እንውላለን። እኔ አሥራ ሦስት፣ እሱ ዘጠኝ። እሱ ማለት እንግዲህ ጥያቄ የማያልቅበት፣ ጆሮ የሚያደነቁር፣ ተኝቶም የሚያወራ ልጅ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት "እማ፣ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ሽንቱ ቢመጣ ምን ያደርጋል?" ብሎ ጠየቃት፤ ሴትዮዋ የያዘችውን ሹራብ ጥላ እየሳቀች ሄደች። እናቴ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችው።

ቦንዳው ውስጥ ከልብሱ ጋር አልፎ አልፎ መጫወቻ ይመጣል። እናቴ መጫወቻ አትጠላም። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ስም የተጻፈበት ዕቃ ሱቋ ውስጥ አያድርም። ሕፃን ስሙን የጻፈበትን ነገር በፈቃዱ አይለቅም፣ ከለቀቀ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል ትል ነበር። "በምን እጁ እንደነካው አታውቁም" ትለናለች፤ "ቤቴ በሽታ እንዳታስገቡብኝ።" እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲገኝ፣ ቦንዳ ተሸክመው የሚያመጡልንና የሚቆርጡልን ጋሼ ወስደው እንዲጥሉት ትሰጣቸዋለች። እሳቸውም አማትበው ይወስዱታል።

የመጀመሪያው ሳጥን የመጣው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ጠፍጣፋ ካርቶን፣ ላዩ ላይ እሳት እየተፋ የሚወጣ ሮኬት ያለበት። ውስጡ የወረቀት ቱቦ፣ ከስስ እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ የፕላስቲክ ጫፍ፣ ከላስቲክ የተሠራች ትንሽ ጃንጥላ። ተገጣጥሞ የምር የሚተኮስ ነው፤ የሚያስወነጭፈው ባሩድ ብቻ የለውም። በካርቶኑ ጥግ በሰማያዊ እስክሪብቶ የፈረንጅ ልጅ ስም ተጽፏል፤ ከስሙ አጠገብ 3 የሚል ቁጥር። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ልጁ በእጁ የጻፈው ዝርዝር ተለጥፏል፤ ያጠራቀመው ሁሉ ከአንድ እስከ ሃያ በተራ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ሁለቴ አስምሮበታል። አጠገቡ በሦስት የሚከፈል ትልቅ ሮኬት ሥሏል።

ወንድሜ ያን ዝርዝር ሲያይ ፊቱ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጋሼ ሳጥኑን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቀድሟቸው ቆመና ለመናቸው። እናቴን አዩ፣ እሱን አዩ፤ እኔ ጥያለሁ፣ ማን እንዳነሳው ግን አላየሁም አሉና ከሱቁ ጀርባ አስቀመጡለት። እኔም ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

ከዚያ ወዲያ፣ እናቴ ከዚያው ጭነት የገዛቻቸው ቦንዳዎች በተቀደዱ ቁጥር አንድ አንድ ነገር ይወጣ ጀመር። ሰባት ቁጥር የተሰነጠቀ የጠፈር ተጓዥ የራስ ቁር ነው። ስምንት ቁጥር አንድ እጅ የሌለው ሮቦት። አንድ ቁጥር ከነወረቀት ፖስታው፣ ልብስ ላይ የሚሰፋ የሮኬት አርማ። አሥራ አንድ ቁጥር የፊልም ፖስተር፤ ሰው ሁሉ ከሰማይ ከወረደ ክብ መንኮራኩር ሲሸሽ ያሳያል። አንዲት ሴት ብቻ ሳትሸሽ ቀና ብላ ታያለች፤ ወንድሜ እሷን ሲያይ እማን ትመስላለች ይል ነበር።

የደበቅነው ከሱቁ ላይ ባለው ቆጥ ነው፤ ያልተሸጠ ካፖርት የሚከማችበት፣ ሳያጎነብሱ የማይቆሙበት ቦታ። ቆርቆሮው አሮጌ ነበርና በምስማሩ ቀዳዳ ሁሉ የቀን ብርሃን ይገባል፤ ወንድሜ በጀርባው ተንጋሎ ቀዳዳዎቹን እየቆጠረ ስም ያወጣላቸው ነበር። ከታች የተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!"፣ የእናቴና የደንበኛ ክርክር ይሰማል። ላይ እኛ፣ ሮቦቱና ያ የማናውቀው ልጅ። ስሙን በትክክል ማንበብ ስላቃተን "ባለቤቱ" አልነው። ወንድሜ በጣም ያከብረዋል። ዕቃ ከመንካቱ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ "ባለቤቱ እንዲህ ነው ያስቀመጠው" እያለ እኔንም ይቆጣኛል።

አሥራ ስድስት ቁጥር፣ ሌላ የመጫወቻ ካርቶን፣ የመጣ ቀን ግን ዝም አለ። እሱን ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ቁጥርን፣ አሥራ አንድንና አሥራ ስድስትን ጎን ለጎን ደረደረና ጽሑፉን አሳየኝ። አንድ ቁጥር ላይ ፊደሉ ትልልቅ፣ ወረቀት የሚበሳ ነው። አሥራ አንድ ላይ ተንጋዷል። አሥራ ስድስት ላይ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ከካርቶኑ ጠርዝ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

"ባለቤቱን እጁን አሞታል" አለኝ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወንድሜ ጉሮሮውን ታመመ። እናቴ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችው፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ሮጠ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ። ጉልበቱ ሲተወው የእጁ አንጓ ያዘው። ኳስ ስጫወት ወድቄ ነው ይለኛል፤ ኳስ ሲጫወት ግን አላየሁትም። የቆጡ መሰላል ዘጠኝ እርከን ነበረው። አንድ ቀን አራተኛው ላይ ቆመና ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደገፈ። ልቡ በሹራቡ ላይ ሲዘል ከታች ሆኜ ይታየኛል።

ለእማ ልንገራት አልኩት።

"አፈር ስሆን" አለኝ። "ከባለቤቱ ዕቃ የመጣ በሽታ ነው ብላ ሁሉንም ታቃጥለዋለች። አሥራ አራት እስኪመጣ ብቻ። ማይልኝ።"

እኛ ስንምል በምንወደው ሰው ሞት አይደል የምንምለው? "አንተ ትሙት አልናገርም" አልኩት። በቀን መቶ ጊዜ የምንለው ነገር ነው፤ ለእርሳስም ለማስቲካም ትሙት እንባባላለን። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት ዕቃው እንዳይቃጠል ብቻ አልነበረም። እናቴ ትክክል ብትሆንስ? እኛ ያስገባነው በሽታ ቢሆንስ? ደግሞ ምያለሁ፤ ብናገርና ቢሞትስ? እንዲህ እያልኩ አራት ወር ያህል አፌን ዘጋሁ። መሰላሉን ከኋላው እየደገፍኩ አወጣዋለሁ፣ እናቴ ስትጠራው እኔ ፈጥኜ እሄዳለሁ፣ ቦርሳውን እኔ እሸከማለሁ። እናቴማ ዘንድሮ እንዴት ተዋደዱ ብላ ደስ አላት።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የወጣው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። እሱም ሮኬት ነው፤ ግን ባለቤቱ ጀምሮ ትቶታል። አንዱ ክንፍ ተጣብቋል፣ ሁለቱ ሳይነኩ ላስቲካቸው ውስጥ ናቸው፣ ቱቦው ላይ አንድ ጠብታ ሙጫ ደርቋል። ወንድሜ ቱቦውን አገላብጦ አየና ለምን እንዳልጨረሰው ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እኔ እጨርስለታለሁ አለ።

ሙጫ አመጣሁለት። ቆጡ ታፍኗል፣ ሽታው ጭንቅላት ይበጠብጣል። ክንፉን ያዘ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። ጣቶቹ ሳያዛቸው ይንፈራገጣሉ፤ ክንፉ ይወድቃል፣ ያነሳዋል፣ ይወድቃል። ልርዳህ ስለው ተወኝ አለኝ። በመጨረሻ አጣበቀው፣ ተጣመመ እንጂ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳና ከባለቤቱ ስም ሥር የራሱን ስም ጻፈ። መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ከካርቶኑ ጠርዝ ወጣ።

ያን ጽሑፍ አውቀዋለሁ።

ቀና ስል ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አየር ያጥረዋል። መጮኼን አላስታውስም፤ እናቴ ግን በዚያ መሰላል እንዴት እንደወጣች እንጃ፣ አጠገቤ ነበረች። ቆጡ ላይ የተዘረጋውን ሁሉ አላየችውም። ሮቦቱን ረግጣው አለፈች። በጀርባዋ አዝላው ወረደች፤ ተሸካሚው ጋሼ ከእሷ ተቀብለው በዚያ ሁሉ ሰው መሃል "መንገድ!" እያሉ ሮጡ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ሐኪም ቤት ውስጥ ወጣቱ ዶክተር መቼ እንደጀመረው ጠየቀ። እናቴ ትናንትና ዛሬ ነው፣ ጤነኛ ልጅ ነበር እኮ አለችው። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ እህቱ፣ ያየሽው ነገር የለም?"

ወንድሜ ከአልጋው ላይ አየኝ። የለመነኝ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ግን ምን እያለኝ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

"የለም" አልኩ።

የጉሮሮው በሽታ ልቡ ላይ ወርዶ ኖሯል፤ የጉልበቱም የእጁም መንስኤ እሱ ነው ተባለ። ዶክተሩ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ብሎ ጀመረና ተወው። ወንድሜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር፣ በየወሩ መርፌ እየተወጋ፣ አብሮን ቆየ። ስለ ሮኬቶቹ ራሱ ለእናቴ ነገራት። ስላመመው ስለ አራቱ ወር ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም እንዳነሳው አልፈቀደልኝም። እናቴ ስለ ዕቃው አንድ ቃል አልተናገረችም። ቆጡ ላይ ወጥታ የራስ ቁሩን አመጣችለት፣ በነጠላዋ አቧራውን ጠረገችና ራስጌው አኖረችው። በሐምሌ፣ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ በዚያ በሚቆራረጥ ትንፋሹ "አሥራ አራት ከመጣ ክንፉን እንዳታጣብቁት፣ እኔ ነኝ የማጣብቀው" አላት።

ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጠችው። የባለቤቱን ዕቃ ግን አልነካችውም፤ እስከ ዛሬ ቆጡ ላይ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቦንዳ በተቀደደ ቁጥር "አሥራ አራት መጣ?" ትለኛለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ነኝ የማነብላት። አልመጣም እላታለሁ። አሁን አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፤ ሱቁ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቢላዋው ማሰሪያውን ሲቆርጥ ድምፁን ትሰማና ቀና ሳትል ትጠይቃለች። ስንት ጊዜ ልነግራት ብዬ ትቼው ወደ ጓዳ ገብቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ካርቶን ወጣ። ትልቅ ነው፣ በሦስት የሚከፈል ሮኬት፤ ልክ ባለቤቱ እንደሣለው። እናቴ ከልጆቹ ሁካታ ገባት መሰል ዱካውን ስባ መጣች። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። ዳበሰችው።

"እሱ ነው?"

ተቀብዬ ስድስቱንም ጎን አየሁ። ስም የለም፣ ቁጥር የለም። አዎ ብላት ማን ይነግራታል? አንዲት ቃል ናት፤ እሷም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ።

"አይደለም እማ" አልኳት። "ስም የለበትም።"

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልጆቹን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ ብዬ አስወጣሁና ሁሉን ነገርኳት። መሰላሉን፣ ጉልበቱን፣ አራቱን ወር፣ ዶክተሩ ፊት ያልኩትን። አንተ ትሙት ብዬ እንደማልኩ፣ ብናገር የሚሞትብኝ መስሎኝ እንደነበር። መሐላው አሁን ማንን ሊገድል? እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ከፍቼ።

እናቴ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰች። ውጭ መርካቶ እንደ ልማዱ ይጮኻል።

"በሽታ ያመጣል ያልኳችሁ እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ባላስፈራችሁ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።"

አቀፍኳት ብልህ ውሸት ነው፤ እንደቆምኩ ቀረሁ። እሷ የካርቶኑን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መለሰችልኝ።

"ቆጡ ላይ ከዕቃዎቹ ጋር አድርጊው" አለችኝ። "ክንፉን ማንም እንዳያጣብቀው።"